ግላኮማን በጊዜ ለመያዝ የቱ ምርመራ ይሻላል? ለሰሜን ሸዋ ሰው

ዋናውን ቀድሜ ልናገር። ኪሳችሁ የሚችለው አንድ ምርመራ ብቻ ከሆነ፣ ሐኪሙ ብሌናችሁን በጠብታ ከፍቶ የዓይን ነርቫችሁን የሚያይበትን ምረጡ። ግፊት ብቻ ተለክታችሁ «ደህና ነው» ስለተባላችሁ ልባችሁ አይረፍ። ኦሲቲ የሚባለውን፣ የዓይን ነርቭን በብርሃን የሚለካ ውድ ምርመራ ደግሞ የጠረጠረ ሐኪም ሳይኖር፣ በራሳችሁ ፍላጎት ለመታየት ብላችሁ አዲስ አበባ ድረስ አትሂዱ። የቸኮለ ሰው እዚህ ላይ ቢያቆም አልቀየምም። ምክንያቱን የፈለገ ይከተለኝ።

ግላኮማ ብዙ ሰው «የዓይን ግፊት» የሚለው በሽታ ነው። ዓይን ውስጥ ሁልጊዜ የሚመነጭና የሚወጣ ፈሳሽ አለ። መውጫው ሲጠብ ወይም በደንብ አላሳልፍ ሲል ግፊቱ ይጨምራል፤ ከዓይን ወደ አንጎል መልእክት የሚወስደው ነርቭ ደግሞ ቀስ በቀስ ይጎዳል። ነርቩ ወደ 1 ሚሊዮን የሚጠጉ ክሮች አሉት። የሞተ ክር አይተካም። ከዓይን ሞራ የሚለየው እዚህ ላይ ነው፤ ሞራ በቀዶ ጥገና ተነስቶ ብርሃን ይመለሳል፣ ግላኮማ የወሰደውን ግን የሚመልስ ሐኪም የለም። የቀረውን ማቆየት ብቻ ነው።

ክፋቱ ደግሞ አለማመሙ። በብዛት የሚታየው ዓይነት አያቀላም፣ አያሳክክም፣ አያስለቅስም። የሚጀምረው ከጎን እይታ ስለሆነ አባባ ፊት ለፊታቸው ያለውን ዳዊት እየደገሙ፣ ጎናቸው ያለውን በርጩማ ግን ይረግጣሉ። ልጆቹ «እርጅና ነው» ይላሉ። ሁለቱ ዓይኖች አንዱ የሌላውን ጉድለት ስለሚሸፍኑም ሰውየው ራሱ አይነቃም። ለመነጽር ሰሌዳ ላይ ፊደል ማንበብ ይህን አያወጣውም፤ መሀሉን ነውና የሚለካው። (አንድ ነገር ግን ለዩልኝ፦ ዓይን በድንገት ቀልቶ በኃይል ካመመ፣ ካስታወከ፣ በመብራት ዙሪያ ቀስተ ደመና ካሳየ ይህ ሌላው ዓይነት ግላኮማ ሊሆን ስለሚችል በዚያው ቀን ሐኪም ቤት መድረስ አለበት። የትኛው ምርመራ ይሻላል ብሎ ማማረጥ የለም።)

እ.ኤ.አ. በ2006 (ከዚህ በኋላ የምጠራቸው ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) ይፋ በሆነው አገር አቀፍ ጥናት ከኢትዮጵያ ሕዝብ 1.6 በመቶው ዓይነ ስውር ነበር። ከዚህ ግማሹ በሞራ፣ 11.5 በመቶው በትራኮማ ጠባሳ፣ 5.2 በመቶው በግላኮማ ምክንያት ነው። ስለዚህ ዘመቻው ሞራና ትራኮማ ላይ ማተኮሩ አይገርምም፤ ብዙ ሰው የሚያድነው እሱ ነው። ግን የግላኮማ ሕመምተኛ ዘመቻ መጥቶ እስኪያገኘው ከጠበቀ ይመሽበታል። ራሱ መሄድ አለበት።

ምርመራዎቹ አንድ በአንድ

ግፊት መለካት በብዙ ቦታ የሚገኘውና ርካሹ ነው። ዓይነቱ ብዙ ነው። አሮጌው ሺዮትዝ ይባላል፤ በ1905 ኖርዌይ ውስጥ የተሠራ ሲሆን፣ አስተኝተው ዓይን አደንዝዘው ትንሽ ብረት ኮርኒያ (የዓይን ፊተኛው ግልጽ ሽፋን) ላይ ያሳርፋሉ። ጎልድማን የሚባለው አገጭ ተደግፎ የሚሠራው ነው፤ ቢጫ ቀለም ጠብ ተደርጎ በሰማያዊ ብርሃን ይለካል፣ ሌሎቹ የሚመዘኑትም በእሱ ነው። አየር እፍ የሚያደርገው አይነካም ግን ያስደነግጣል። አይኬር የሚባለው በእጅ የሚያዝ መሣሪያ ደግሞ ማደንዘዣም አይፈልግም፣ ቀጭን ጫፉ ኮርኒያን ነካ አድርጎ ይመለሳል። ምርጫ ካላችሁ ጎልድማን። ከሌለ አይኬር ምንም አይልም።

ችግሩ መሣሪያው ላይ አይደለም፣ ቁጥሩ ላይ ነው። ደህና የሚባለው ከ10 እስከ 21 (ሚሊሜትር ሜርኩሪ በሚባለው የግፊት መለኪያ) ነው። ነገር ግን አሜሪካ ባልቲሞር ከተማ የተደረገ ትልቅ ጥናት እንዳሳየው ግላኮማ ካለባቸው ሰዎች ግማሽ ያህሉ አንድ ጊዜ ሲለኩ ግፊታቸው ከ21 በታች ነበር። ግማሽ! ግፊት በቀን ውስጥም ከፍ ዝቅ ይላል። ትንፋሽ መያዝ ወይም አንገት ላይ የጠበቀ ኮሌታ ከፍ ያደርገዋል። ኮርኒያው ቀጭን የሆነ ሰው ላይ ደግሞ መሣሪያው ከእውነቱ ዝቅ አድርጎ ያነባል፣ አፍሪካዊ ዘር ያለን ሰዎች ኮርኒያችን በአማካይ ቀጠን ይላል። ስለዚህ 17 ተብሎ ተጽፎላችሁ ነርቩን ማንም ካላየው ምርመራው ገና አላለቀም። በሌላ በኩል 24 ስለተባላችሁም አልቅሱ አይደለም፤ ግፊቱ ከፍ ብሎ ነርቡ ለዓመታት ምንም የማይሆን ሰው ብዙ ነው።

ነርቡን ማየት። የኔ ምርጫ ይሄ ነው። ሐኪሙ ብሌን የሚከፍት ጠብታ ያደርግላችኋል፣ ሃያ ደቂቃ ወይም ከዚያ በላይ ትቀመጣላችሁ፣ ከዚያ ከማይክሮስኮፕ መሳዩ መሣሪያ ጋር በእጁ ሌንስ ይዞ የዓይናችሁን ጀርባ ያያል። ነርቡ ከኋላ ሲታይ መሀሉ ጎድጎድ ያለ ክብ ነው። ጉድጓዱ ከክቡ ጋር ሲነጻጸር ስንት ነው የሚለው በቁጥር ይጻፋል፤ 0.3 አካባቢ የተለመደ ነው፣ 0.7 ሲደርስ ያጠራጥራል፣ በቀኝና በግራ መካከል የ0.2 ልዩነት ካለም ያጠራጥራል። ይህን ቁጥር ጠይቁና ለሁለቱም ዓይን አስጽፉ። «ነርቡ ደህና ነው» ከሚል ቃል ይልቅ ቁጥሩ ይጠቅማችኋል፣ የዛሬ ሁለት ዓመት የሚያይ ሌላ ሐኪም ከምን እንደሚያነጻጽር ያውቃል።

ድክመትም አለው። የሚያየው ሰው ዓይን ላይ የተመሠረተ ነው፤ አንዱ 0.5 ያለውን ሌላው 0.6 ሊል ይችላል። ከተፈጥሮው ሰፊ ጉድጓድ ያለው ጤነኛ ሰውም አለ። ግን ለኛ አገር የሚሆን አንድ ሌላ ጥቅም አለው። ሱዶኤክስፎሊየሽን የሚባል፣ ዓይናችን ውስጥ ባለው ሌንስ ላይ እንደ ፎሮፎር ያለ ነጭ ብናኝ የሚታይበት ችግር ኢትዮጵያ ውስጥ ብዙ ጊዜ ይገኛል፤ ግፊትን በፍጥነት ከፍ የሚያደርግና ነርቭን ቶሎ የሚጎዳ ነው። ብናኙ በደንብ የሚታየው ብሌን ሲከፈት ነው። ግፊት ለክቶ የሸኘ ሰው አያገኘውም።

ስለ ጠብታው፦ ለጥቂት ሰዓታት ቅርብ ነገር አይታያችሁም፣ ብርሃንም ይወጋችኋል። የደብረ ብርሃን የቀትር ፀሐይ ቀዝቃዛ መስላ የምትወጋ ናት። ባርኔጣ ያዙ፣ ሰው ይዛችሁ ሂዱ፣ በዚያ ዓይን ጣርማ በር ላይ መኪና ለመንዳት አታስቡ። ሐኪሙም ጠብታውን ከማድረጉ በፊት የዓይን ማዕዘኑ፣ ማለትም ፈሳሹ የሚወጣበት ቦታ፣ ጠባብ አለመሆኑን ያያል፤ ዝም ብሎ ጠብ የሚያደርግ ሰው ካጋጠማችሁ ጠይቁት።

የዓይን ጀርባ ፎቶ ከዚህ ጋር ወንድማማች ነው። ፎቶው ይቀመጣል፣ ይላካል፣ ከዓመት በኋላ ጎን ለጎን ይታያል። ካሜራ ያለበት ክሊኒክ ካገኛችሁ አስነሱና ፋይሉን በስልካችሁ ውሰዱ።

የእይታ ሜዳ ምርመራ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ሰው የሚማረርበት ይሄኛው ነው። ጨለም ያለ ክፍል ውስጥ አንድ ዓይን ተሸፍኖ፣ አገጭ ተደግፎ፣ እንደ ጎድጓዳ ሳህን ያለ ነጭ ነገር ውስጥ መሀሉን ብቻ እያዩ ይቀመጣሉ። ዙሪያውን ትናንሽ መብራቶች ብልጭ ይላሉ። ባዩ ቁጥር ቁልፍ መጫን ነው። ቀላል ይመስላል አይደል? ከመንዝ ተነስተው ሌሊቱን ያልተኙ እትዬ ግን መብራቱን ፍለጋ ዓይናቸውን ያንከራትታሉ፣ ሁሉንም ማየት ያለባቸው ይመስላቸዋል፣ ሲያመልጣቸው ይደነግጣሉ፣ መጨረሻ ላይ ዝም ብለው ይጫናሉ። ወረቀቱ ሲወጣ ግማሹ ጥቁር ነው። ዕውር ሆንኩ ብለው ያለቅሳሉ። የመጀመሪያው ውጤት ብዙ ጊዜ አይታመንም፤ ሁለተኛውና ሦስተኛው ሲደገም ይሻሻላል። ወረቀቱ ላይ ታማኝነቱን የሚናገር ቁጥር ስላለ «ይሄ የሚታመን ነው ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ። የምትወስዷቸው ሽማግሌ ከሆኑ አስቀድማችሁ ቤት ውስጥ አስረዷቸው፦ ማንም ሁሉንም መብራት አያይም፣ ማሽኑ ሆን ብሎ የማይታይ ብርሃን ድረስ ነው የሚያወርደው።

ጥቅሙ ሰውየው ምን ያህል እንዳጣ መናገሩ ነው። ቀድሞ ለመያዝ ግን ይዘገያል፤ በዚህ ማሽን ላይ ጉድለት እስኪታይ ድረስ ከነርቭ ሴሎቹ ሩብ ወይም ከዚያ በላይ ሊሞቱ ይችላሉ። ስለዚህ «በጊዜ» ለሚል ሰው የመጀመሪያ ምርጫ አይደለም። በሽታው ለተረጋገጠበት ሰው ግን ዋናው መከታተያ ነው።

ኦሲቲ በ1991 ለዓለም የተዋወቀ ቴክኖሎጂ ነው። በብርሃን የነርቭ ክሮቹን ንጣፍ ውፍረት በማይክሮን (የሚሊሜትር አንድ ሺህኛ) ይለካል። አያምም፣ ቶሎ ያልቃል፣ ሕመምተኛው ቁልፍ መጫን የለበትም። የእይታ ሜዳ ከመጎዳቱ በፊት መሳሳቱን ብዙ ጊዜ ይይዛል። ታዲያ ለምን አትቸኩሉ አልኩ? ማሽኑ አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ ብሎ የሚቀባው ውስጡ ከተቀመጡ ጤነኛ ሰዎች ጋር አነጻጽሮ ነው፤ እነዚያ ሰዎች ውስጥ እኛን የሚመስል ጥቂት ነው። ሩቅ የማያይ፣ ከፍተኛ ቁጥር ያለው መነጽር የሚያደርግ ሰው ያለ በሽታ ቀይ ይወጣበታል። ሞራው የጠነከረ ሰው ላይ ምስሉ ይደበዝዛል። ከሁሉ በላይ ደግሞ ኦሲቲ ትልቁን ጥቅም የሚሰጠው ሲደገም ነው፣ ያውም በዚያው ዓይነት ማሽን። አንዴ ተነስቶ መሳቢያ ውስጥ የሚያስቀምጠው ሰው ብሩን ለጌጥ ነው ያወጣው።

የኮርኒያ ውፍረት መለካትና የማዕዘን ምርመራ ደግሞ ለብቻቸው የሚመረጡ አይደሉም። ሐኪሙ ከጠረጠረ ያዛቸዋል፣ እናንተም እሺ በሉ።

ገና በመሠራት ላይ ያሉት

«በደም ምርመራ ይታወቃል አሉ» የሚል ወሬ በየጊዜው ይመጣል። እስካሁን ግላኮማን ለመለየት ክሊኒክ ውስጥ በመደበኛነት የሚሠራበት የደም ምርመራ የለም። የዘር ምርመራ አለ፤ ማዮሲሊን የሚባለው ጂን ከበሽታው ጋር መያያዙ በ1997 ታውቋል፣ ግን እሱ የሚያስረዳው ጥቂቱን ነው፣ በተለይ በወጣትነት የሚጀምረውን። አሁን ብዙ ጂኖችን ደምሮ የአደጋ ነጥብ የሚሰጥ ዘዴ እየተሠራ ነው። በአብዛኛው የተሠራው ግን በአውሮፓውያን መረጃ ስለሆነ ለኛ ልክ እንደሚመጣ ማመን ይከብደኛል።

ለንደን ውስጥ የሚሠራው ዳርክ የተባለው ዘዴ ከሁሉም ያስደምመኛል። የሚያበራ ንጥረ ነገር በደም ሥር ይወጉና ሬቲና (ብርሃን የሚቀበለው የዓይን ጀርባ ንጣፍ) ላይ እየሞቱ ያሉ ሴሎች እንደ ነጥብ ሲያበሩ ያያሉ። በሰው ላይ የተሞከረበት የመጀመሪያ ውጤት በ2017 ታትሟል። ሐሳቡ ትልቅ ነው፤ ከሞተ በኋላ ሳይሆን በሚሞትበት ሰዓት መያዝ። መርፌ፣ ልዩ ካሜራና የሠለጠነ ሰው ይፈልጋል ግን፤ ሞላሌ የሚደርሰው መቼ ነው ብትሉኝ ተስፋዬ ሩቅ ነው። ግፊት ለ24 ሰዓት የሚከታተል፣ ዓይን ላይ የሚለጠፍ ሌንስም አሜሪካ በ2016 ፈቅዳለች፤ እሱም ላደገ ክሊኒክ ነው።

ለኛ ይጠቅማል የምለው አንድ ነው፦ በእጅ የሚያዝ ካሜራና ፎቶውን የሚያነብ ሰው ሠራሽ አስተውሎት። በስኳር ምክንያት ለሚመጣ የዓይን ጉዳት ያለ ሐኪም ውሳኔ የሚሰጥ ፕሮግራም አሜሪካ በ2018 ፈቅዳለች። ለግላኮማ ነገሩ ይከብዳል፣ ምክንያቱም ጤነኛ ሰፊ ጉድጓድና የታመመ ሰፊ ጉድጓድ በአንድ ፎቶ ይመሳሰላሉ። ቢሆንም ነርስ ይዛው ከጤና ጣቢያ ጤና ጣቢያ የምትዞርበት፣ መብራት ሲጠፋም በባትሪ የሚሠራ፣ በኢትዮጵያውያን ዓይን ፎቶ የሠለጠነ መሣሪያ ቢመጣ ከሌሎቹ ሁሉ ይበልጥ ሰሜን ሸዋን የሚለውጣት እሱ ነው።

«ታዲያ ለምን ሁሉም ሰው በገበያ ቀን ተሰልፎ አይመረመርም?» ለሚል ትንሽ ሒሳብ እንሥራ። ከ40 ዓመት በላይ የሆኑ 1,000 ሰዎች አሉ እንበል፣ 30ዎቹ በሽታው አለባቸው እንበል። ምርመራችን ከታመሙት 90 በመቶውን የሚይዝ፣ ከጤነኞቹም 90 በመቶውን በትክክል ጤነኛ የሚል ጎበዝ ይሁን። 27 ሕመምተኛ ይይዛል። ከ970 ጤነኞች ግን 97ቱን «ታመሃል» ይላቸዋል። ከመሐል ሜዳ ደብረ ብርሃን ድረስ ትራንስፖርት ከፍለው፣ አልጋ ይዘው፣ ካርድ አውጥተው የሚመጡት 124 ሰዎች ናቸው፣ 97ቱ በከንቱ። አሁን ደግሞ ወላጅ ወይም ወንድም እህት ግላኮማ ያለባቸውን 100 ሰዎች ብቻ እንመርምር፣ 10ሩ አለባቸው እንበል። 9 ይያዛሉ፣ 9 በስህተት ይጠረጠራሉ። ያው ምርመራ ነው፣ ሰዎቹ ናቸው የተለዩት። የአሜሪካ የመከላከል ምክር ቡድንም በ2022 ምልክት የሌለውን አዋቂ ሁሉ መመርመርን ለመደገፍም ለመቃወምም በቂ ማስረጃ የለም ያለው በከንቱ አይደለም።

እናንተስ የቱ ጋ ናችሁ?

እናት፣ አባት፣ ወንድም ወይም እህት በግላኮማ የተያዘባችሁ ከሆናችሁ አትጠብቁ። ከ40 ዓመት በፊትም ቢሆን ነርብ ማየትና ግፊት አንድ ላይ፣ ከዚያ ሐኪሙ በሚላችሁ ጊዜ መመለስ። ቤተሰቡ ውስጥ «በመጨረሻ ዓይናቸው ጠፋ» የተባሉ ሽማግሌ ካሉ፣ ሞራ ይሁን ሌላ የሚያውቅ ከሌለ፣ ግላኮማ እንደሆነ ቁጠሩትና ተመርመሩ።

ዓይኑ የሚያሳክከው ልጅ ያላችሁ፣ ይሄን በደንብ ስሙኝ። ከመድኃኒት ቤት ያለ ማዘዣ እየተገዛ ለወራት ጠብ የሚደረግ ዴክሳሜታዞን የሚባል ጠብታና መሰሎቹ ማሳከኩን ጸጥ ያደርጉና ግፊቱን ከውስጥ ከፍ ያደርጋሉ። ልጁ «ተሻለኝ» እያለ ነርቡ ይሄዳል። እንዲህ ያለ ጠብታ ከሁለት ሳምንት በላይ የወሰደ ሰው ግፊቱ ይለካ። እዚህ ላይ ብቻ ግፊት መለካት ከሁሉም ይቀድማል።

ስኳር ያለባችሁ በዓመት አንድ ጊዜ ለሬቲና ብሌን ተከፍቶ መታየት ስላለባችሁ ነርቡም በዚያው ይታይ፤ ሁለት ጊዜ አትክፈሉ። ዕድሜያችሁ ከ40 ያልበለጠ፣ በዘርም በመድኃኒትም ምንም የሌለባችሁ ደግሞ ብራችሁን ለሌላ ነገር አውሉት። ለመነጽር ስትሄዱ «ነርቡንም ይዩልኝ» ማለት ይበቃል።

በጊዜ መያዙ ምን ይጠቅማል ለሚል፦ ግፊታቸው ከፍ ያለ ግን ነርባቸው ገና ደህና የሆነ 1,636 ሰዎችን የተከታተለ ጥናት በ2002 ውጤቱን ሲያወጣ፣ ጠብታ ካልጀመሩት ውስጥ በአምስት ዓመት 9.5 በመቶው ግላኮማ ይዟቸዋል፣ ከጀመሩት ውስጥ ግን 4.4 በመቶው ብቻ። ጠብታ በየቀኑ ማግኘት ለሚከብደው ደግሞ ሌዘር አለ፤ ታንዛኒያ ኪሊማንጃሮ አካባቢ የተደረገውና በ2021 የታተመው ጥናት ከዓመት በኋላ በሌዘር 61 በመቶ፣ በቲሞሎል ጠብታ 31 በመቶ ዓይኖች ላይ እንደተሳካ አሳይቷል። ስለዚህ ስትመረመሩ የጠብታ ዋጋ ብቻ ሳይሆን ሌዘር የት እንደሚገኝም ጠይቁ።

ከመነሳታችሁ በፊት ደውሉ። ማሽን አለ ማለትና ማሽኑ ዛሬ ይሠራል ማለት ይለያያል፣ ባለሙያው ያለበትንም ቀን ጠይቁ። የጤና መድህን ያላችሁ ከጤና ጣቢያ ሪፈር አጽፋችሁ ውጡ፣ ዘላችሁ ከሄዳችሁ ከኪስ ነው። የተሰጣችሁን ወረቀት ሁሉ በስልክ ፎቶ አንሱ፣ የእይታ ሜዳና የኦሲቲ ውጤት ያለ ድሮው ወረቀት ግማሽ ዋጋ የለውም። ሸንኮራ ዮሐንስም ሆነ ሌላ ጠበል የምትሄዱ ጠብታችሁን ይዛችሁ ሂዱ፤ ተጠምቃችሁ ዓይናችሁ ሲደርቅ ጠብታውን በሰዓቱ አድርጉ፣ ሱባኤውን ስትጨርሱ ደግሞ ግፊቱን አስለኩ።